በጥብቅ ተራራማ ቦታ መኪና የሚፈቀድበትን መንገድ እንዴት እንዳገኘሁ

ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለስኩ። ስልኬ ላይ ያለው ካርታ መንገዱን ጥርት አድርጎ ያሳያል። ስደርስ ግን በሁለት ምሰሶዎች መሃል የተወጠረ የዛገ ሰንሰለት ጠበቀኝ። ጎኑ ላይ የጎማ ዱካ አለ፤ አንዱ ሳሩን ጨፍልቆ ዞሮ አልፏል። በጣም አናደደኝ። በከፍታ ቦታ ሳር አንዴ ከተጨፈለቀ ቶሎ አያገግምም። ዱካው የዝናብ ውሃ መውረጃ ይሆንና አፈሩ ይሸረሸራል።

ችግሩ የገባኝ ኦፕን ስትሪት ማፕን፣ ማንም ሊያርመው የሚችለውን ነፃ የኢንተርኔት ካርታ፣ ጠጋ ብዬ ሳየው ነው። እዚያ እንዲህ ያሉ መንገዶች ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣቸዋል። እኔ ይህን እንደ ፈቃድ ቆጥሬው ነበር። ደረጃው የሚናገረው ግን በዋናነት ስለ መሬቱ ጥንካሬ ነው። መኪና ይግባ አይግባ የሚለው ለብቻው ይመዘገባል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ባዶ ነው። ባዶ ማለት "ይቻላል" ማለት አይደለም።

ስለዚህ ከጥብቅ ቦታው አስተዳደር የተሽከርካሪ መንገዶችን ካርታ ጠየቅኩ። ሰጡኝ። ማታ ቁጭ ብዬ ከስልኬ ካርታ ጋር መስመር በመስመር አነጻጸርኩት። የተፈቀደውን ብቻ በጂፒኤክስ ፋይል (የመንገድ መስመር በሚይዝ፣ የካርታ መተግበሪያ በሚከፍተው ፋይል) አስቀመጥኩ። ኔትወርክ ስለማይኖር ካርታውንም ቀድሜ አወረድኩ። አስተዳደሩ በሚሰጠው ካርታ ጥግ ላይ ያለችውን ማብራሪያ እንዳትዘሏት፦ አንዳንዱ መስመር በዝናብ ወቅት ይዘጋል፣ አንዳንዱ የመኪናውን ስፋት ወይም ክብደት ይገድባል።

ልነሳ አንድ ቀን ሲቀረኝ ደውዬ አረጋገጥኩ። አንዱ መንገድ በናዳ ተዘግቶ ነበር፤ ተውኩት። በሌሎቹ ያለችግር ነዳሁ።