ከጋብቻ በኋላ ስምን ገቢዎች ላይ እንዴት ማስተካከል ይቻላል? ለወሎ ግብር ከፋዮች

ትዳር በራሱ ስም አይቀይርም። በአገራችን ሴት ልጅ ስታገባ የራሷን፣ የአባቷንና የአያቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች። ሕጉም ልማዱም በዚህ ላይ አንድ ናቸው። ስለዚህ «አግብቻለሁ፤ ቲን ነምበሬ ላይ የባሌን ስም ላስገባ?» ብላችሁ የምታስቡ እህቶች ካላችሁ፣ አያስፈልግም። ቲን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው፤ ባልና ሚስት አንድ ቲን በጋራ አይዙም። እሱም የራሱ አለው፣ እሷም የራሷ አላት።

ይሁንና ወሎ ላይ ጋብቻና ስም በሌላ በር ይገናኛሉ። ሙስሊምና ክርስቲያን መጋባት እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም። አንዱ ወገን ሃይማኖቱን ሲቀይር አዲስ ስም ይወጣለታል። ትናንት አበባ የነበረችው ዛሬ ዘይነብ ትባላለች፤ ሌላ ቤት ደግሞ በተቃራኒው ይሆናል። በገጠሩ አማት ለሙሽራዋ ስም የምታወጣበት ልማድም አለ። ስሙ ቤት ውስጥ ብቻ ቢቀር ችግር የለውም። ግን ዓመታት ሲያልፉ ጎረቤቱ ሁሉ በዚያ ይጠራትና፣ መታወቂያ ስታወጣ ያው ስም ይጻፋል።

ከሁሉ የሚከብደው የዐረብ አገር ተመላሾች ጉዳይ ነው። ሠርተው የተመለሱ ብዙ እህቶቻችን ፓስፖርታቸው ላይ ያለው ስም የልደት ስማቸው አይደለም። ገና ልጅ ሳሉ ደላላ ባስጻፈላቸው ስም ነው የሄዱት። ሲመለሱ ያገባሉ፣ ሱቅ ይከፍታሉ፣ ቲን ያወጣሉ። አንዱ ወረቀት በፓስፖርቱ ስም፣ ሌላው በልደት ስማቸው ይሆናል። በዚህ የተነሳ ቢሮ ለመግባት የሚፈሩ አሉ። እባካችሁ አትፍሩ። መንገድ አለው፤ ወደ ታች አመጣዋለሁ።

በብዛት የሚያጋጥመው ግን የፊደል ልዩነት ነው። ሙሐመድ፣ መሐመድ። ሰይድ፣ ሰኢድ። እንድሪስ፣ ኢድሪስ። ፋጡማ፣ ፋጢማ። አንዱ ጸሐፊ እንደሰማው ይጽፋል፣ ሌላው እንደለመደው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲሆን ይብሳል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው የጋብቻ ማስረጃ ሲወጣ ነው፤ ያኔ ወረቀቶች ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሰበሰባሉና።

ከቤት ሳትወጡ

ስማችሁ ያለበትን ወረቀት ሁሉ አውጡ። የልደት የምስክር ወረቀት፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ፋይዳ (ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ)፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የቲን ምዝገባ ወረቀት፣ ንግድ ፈቃድ፣ የባንክ ደብተር፣ ካለ ፓስፖርት። በአንድ ወረቀት ላይ ከእያንዳንዱ ሰነድ ስሙን ፊደል በፊደል ገልብጡ። የራስ ስም፣ የአባት፣ የአያት። እንግሊዝኛውንም እንዲሁ።

አሁን አንድ ነገር ወስኑ፦ ከእነዚህ ውስጥ እስከ መጨረሻው የምትኖሩበት ስም የትኛው ነው? ይሄ ቀላል ይመስላል። ግን ስንቱ ሰው አንዱን ወረቀት በአንዱ ስም፣ ሌላውን በሌላው እያስተካከለ ችግሩን እጥፍ ያደርገዋል። ባልና ሚስት፣ እንደ ሁኔታውም ወላጅ፣ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩበት። ውርስ፣ የልጆች ስም፣ የቀድሞ የትምህርት ማስረጃ ሁሉ ከዚህ ጋር ይያያዛል። አዲሱን ስም ለጥሪ ብቻ አድርጎ ሰነዱን በልደት ስም መተውም ነውር የለውም። ወረቀቶቻችሁ በሙሉ በልደት ስማችሁ ከሆኑ፣ የእኔ ምክር እንደዚያው ተዉት ነው።

ገቢዎች የመጀመሪያው በር አይደለም

ብዙ ሰው በቀጥታ ገቢዎች ሄዶ «ስሜን ቀይሩልኝ» ይላል። ባለሙያው በቃል ስም ሊቀይር አይችልም። የመጨረሻውን ስም የሚያሳይ ሕጋዊ ሰነድ ይፈልጋል። ስለዚህ መንገዱ ከሥር ነው የሚጀምረው።

የፊደል ስህተት ብቻ ከሆነና የልደት ማስረጃችሁና ፋይዳችሁ ትክክል ከሆኑ ዕድለኞች ናችሁ። እነሱን ይዛችሁ ወደ ገቢዎች መሄድ ትችላላችሁ። ስህተቱ መታወቂያው ላይ ከሆነ መጀመሪያ ቀበሌ።

ስሙ ራሱ የተለወጠ ከሆነ ግን ፍርድ ቤት ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የስም ለውጥን ለፍርድ ቤት ሰጥቶታል፤ በቂ ምክንያት መኖር አለበት፣ ሌላ ሰውንም የሚጎዳ መሆን የለበትም። ለወረዳ ፍርድ ቤት አቤቱታ ታቀርባላችሁ። ስሙ ለምን እንደተለወጠ በግልጽ ይጻፍ። ሃይማኖት ስለቀየርኩ ከሆነ እንደዚያው በሉ። ኒካሁ የታሰረበትን ወይም ሥርዓቱ የተፈጸመበትን ማስረጃ አያይዙ። የሚያውቋችሁ ምስክሮች ያስፈልጋሉ። በሁለቱም ስም የሚያውቋችሁ ሰዎች ቢሆኑ ይመረጣል፤ በአዲሱ ብቻ የሚያውቃችሁ ጎረቤት ስለ ድሮው ስም ሲጠየቅ ዝም ይላል። ፍርድ ቤቱ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ጥሪ እንዲወጣ ሊያዝ ይችላል። ያ ጊዜ ይወስዳል፤ ታገሡ።

የዐረብ አገር ተመላሾች ጥያቄ ትንሽ ይለያል። ብዙ ጊዜ የምትፈልጉት ስም መቀየር አይደለም። በፓስፖርቱ ያለችው ሰውና በልደት ማስረጃው ያለችው ሰው አንድ መሆኗ እንዲረጋገጥ ነው። አቤቱታው በዚህ ቃል ይጻፍ። ፎቶ ያለበት ፓስፖርት፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የወላጅና የዘመድ ምስክርነት ያግዛሉ። አቤቱታችሁን የሚጽፈው ሰው ይህን ልዩነት መረዳቱን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ። «ስም ይቀየርልኝ» ተብሎ ከተጻፈ ፍርድ ቤቱም ያንኑ ነው የሚወስነው። ያን ጊዜ የልደት ስማችሁ ይቀርና ሌላ ጣጣ ይመጣል።

ውሳኔውን ስታገኙ የተረጋገጠ ግልባጭ በርከት አድርጋችሁ ውሰዱ። ፋይዳ፣ ገቢዎች፣ ንግድ ቢሮ፣ ባንክ፣ ሁሉም ይጠይቃል።

ስለ ጋብቻ ማስረጃው

በክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሊፈጸም ይችላል። ሦስቱም እኩል ጋብቻ ናቸው። ኒካሁም፣ ቁርባኑም፣ በሽማግሌ የታሰረውም። ነገር ግን በየትኛውም መንገድ ቢጋቡ መመዝገብ አለበት። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ለጋብቻ የሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። ያለፈባችሁም አሁን ሄዳችሁ አስመዝግቡ፤ ዘግይቶ የሚመዘገብበት አሠራር አለ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የጋብቻ የምስክር ወረቀት ደጋፊ ማስረጃ ነው እንጂ ለብቻው ስም አያስቀይርም። ወሳኝ ኩነት ቢሮ ስትሄዱም በወሰናችሁት ስም ተመዝገቡ። ፍርድ ቤት ገና ካልጨረሳችሁ ሕጋዊው ስም አሁንም የድሮው ነው።

ከፍርድ ቤት በኋላ የቀበሌ መታወቂያችሁንና ፋይዳችሁን አስተካክሉ። አሁን የቲን ሥራ ከፋይዳ ጋር እየተያያዘ ስለሆነ፣ ፋይዳው በድሮ ስም እያለ ገቢዎች ብትሄዱ መልሰው ሊልኳችሁ ይችላሉ።

ገቢዎች ስትደርሱ

የምትሄዱት ፋይላችሁ ያለበት ቢሮ ነው። ደሴ ከተማ ውስጥ ከፍታችሁ ከሆነ ደሴ፣ ሐይቅ ከሆነ ሐይቅ። ተጋብታችሁ ከመርሳ ወደ ኮምቦልቻ ብትዛወሩም፣ ፋይሉ እስኪዛወር ድረስ ጥያቄው የሚጀምረው መርሳ ነው። ቲን ቁጥሩ አገር አቀፍ ስለሆነ በመዛወር አይቀየርም። የሚዛወረው ፋይሉ ነው። ስምና አድራሻ አብረው ከተለወጡ ሁለቱንም በአንድ ማመልከቻ ጠይቁ።

የምትይዙት ይህ ነው፦ የፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም ትክክለኛውን ስም የሚያሳይ የልደት ማስረጃ፣ ፋይዳ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የድሮው የቲን ወረቀት፣ ንግድ ፈቃድ ካለ እሱም። ኦሪጅናሉንም ኮፒውንም። ኮፒውን ሠፈራችሁ ሠርታችሁ ሂዱ፤ ቢሮ በር ላይ መብራት ጠፍቶ ኮፒ ቤቱ ሥራ ፈቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። የግብር ዕዳ ካለባችሁም ቀድማችሁ እወቁት። ፋይሉ ሲከፈት መታየቱ አይቀርም።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። እንደዚህ ብትጽፉት ይበቃል፦

«ለ________ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ የስም ማስተካከያ ስለመጠየቅ
በቲን ቁጥር ________ ቀድሞ ________ በሚል ስም ተመዝግቤ በ________ ሥራ ግብር ስከፍል ቆይቻለሁ። የ________ ወረዳ ፍርድ ቤት በመዝገብ ቁጥር ________ በቀን ________ በሰጠው ውሳኔ መሠረት ስሜ ________ ስለሆነ፣ የቲን ቁጥሬ ሳይቀየር ስሜ ብቻ እንዲስተካከልልኝ እጠይቃለሁ። ማስረጃዎቼን ________ ገጽ አያይዣለሁ።»

«የቲን ቁጥሬ ሳይቀየር» የሚለውን አትርሱ። አንዳንድ ሰው «ከምትለፋ በአዲሱ ስም አዲስ ቲን አውጣ» ብሎ ይመክራል። ይህን ምክር ፈጽሞ አትስሙ። አንድ ሰው ሊኖረው የሚችለው አንድ ቲን ብቻ ነው። ሁለት መያዝ በወንጀል ያስጠይቃል። አሻራችሁም መጀመሪያ ስትመዘገቡ ተወስዷል። ከዚያም በላይ የከፈላችሁት ግብር ታሪክ በሙሉ ያለው በድሮው ቁጥር ነው። ብድር ስትጠይቁ ወይም ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚያሳይ ወረቀት) ስትፈልጉ ያ ታሪክ ነው የሚያስከብራችሁ።

ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገቡና በእጃችሁ በሚቀረው ኮፒ ላይ ቀንና ቁጥር አስመቱ። ይህ ቀን ዋጋ አለው። የፌዴራሉ የግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የተመዘገበ ግብር ከፋይ የስም ወይም የአድራሻ ለውጥ ሲኖረው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዛል። በክልሉ ገቢዎች ሥር ብትሆኑም ይህን 30 ቀን እንደ ወሰን ያዙት፤ ፍርድ ቤቱ ከወሰነበት ቀን ቁጠሩ። ፋይዳው ካልደረሰም ማመልከቻውን ቀድማችሁ አስገቡ፣ ፋይዳው በሂደት ላይ መሆኑን ጻፉበት።

ስለ ቀኑም ላንሳ። ሐምሌና ነሐሴ የግብር ሰሞን ነው፤ ከቻላችሁ ከዚያ ውጭ ሂዱ። ዓርብ ቀን የመንግሥት ቢሮ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ለጁምዓ ስለሚዘጋ ጠዋት ካልጨረሳችሁ ከሰዓት ነው። በትንንሽ ከተሞች የገበያ ቀን ሰልፉ ይረዝማል፤ ባቲ ለምሳሌ ሰኞ። ከገጠር ለምትመጡ ግን መኪና የሚገኘው በዚያው ቀን ሊሆን ስለሚችል በማለዳ ድረሱ።

ራሳችሁ መሄድ ካልቻላችሁ፣ ለምሳሌ አራስ ከሆናችሁ፣ ባል «ሚስቴ ናት» ብሎ ብቻ አይፈጽምላችሁም። የተረጋገጠ ውክልና ያስፈልገዋል። ውክልናው ላይ «በገቢዎች መሥሪያ ቤት የስም ማስተካከያ ማስፈጸም» ተብሎ በስም ይጠቀስ።

የተስተካከለው ወረቀት እጃችሁ ሲገባ

ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት። የራስ፣ የአባት፣ የአያት ስም፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። የቲኑን 10 አኃዞች ከድሮው ወረቀት ጋር አስተያዩ። ስህተት ካለ እዚያው ንገሩ።

ነጋዴ ከሆናችሁ ቀጥሎ ንግድ ፈቃዱ ነው። የቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ የቫት ሰርተፊኬቱም። ካሽ ሬጅስተር ማሽን ካላችሁ በደረሰኙ ላይ የሚወጣው ስም መለወጥ አለበት፤ በራሳችሁ አታስነኩት፣ ገቢዎችን ጠይቃችሁ በማሽኑ አገልግሎት ሰጪ በኩል አሠሩት። በድሮው ስም የታተመ የእጅ ደረሰኝ ቀርቶ ከሆነ አንድም ቅጠል ከመቁረጣችሁ በፊት ምን እንደምታደርጉበት ገቢዎችን ጠይቁ። አትጣሉት፣ አታቃጥሉትም። የታተመ ደረሰኝ ቁጥሩ የተመዘገበ ነው።

ተቀጣሪ ከሆናችሁ ጉዳዩ ቀለል ይላል። ግብሩን ከደመወዝ ቆርጦ የሚያስገባው አሠሪያችሁ ስለሆነ፣ የተስተካከለውን ወረቀት ለሰው ኃይልና ለሒሳብ ክፍል ስጡ። የጡረታ መዝገባችሁም አብሮ መስተካከሉን ተከታተሉ። ጡረታ ሲወጣ የስም ልዩነት የሚያንገላታውን ሰው ያየ ይህን አይንቅም። ባንክ ደግሞ ከነፍርድ ቤቱ ውሳኔ ሂዱ፤ የቁጠባ ደብተር፣ የብድር ውል፣ ዋስትና የገባችሁበት ካለ እሱም።

ልጅ ስትወልዱ የልደት ምዝገባው ጊዜ 90 ቀን ነው። የእናትና የአባት ስም የሚጻፈው ካቀረባችሁት መታወቂያ ነው። አሮጌውን መታወቂያ መልሳችሁ አስረክቡና ለምዝገባው አዲሱን ይዛችሁ ሂዱ።