የጥንቸሌ በጠጥ ሲያንስና ሲደርቅ የሠራልኝ ነገር

ለአራት ቀን ያህል የጥንቸሌ በጠጥ እያነሰ መጣ። ደህና ስትሆን ሽምብራ ያክላል፤ ሲፈረፈር ውስጡ ደቃቅ ሣር ይታያል። አሁን ግን ቁንዶ በርበሬ የሚያክል፣ ጥቁርና ድርቅ ያለ ሆነ። አንዳንዱም በፀጉር ተያይዞ ይወጣል።

መብላት አላቆመችም። ብታቆም ኖሮ እቤት አልሞክርም ነበር። ጥንቸል ለ12 ሰዓት ያህል ምንም ካልበላች ቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው።

መጀመሪያ ፔሌት (በትንንሽ እንክብል የተሠራ የጥንቸል መኖ) ጨመርኩላት፤ ባሰባት። ካሮት ሰጠኋት፤ ለውጥ የለም። ፔሌቱን በሌላ ዓይነት ቀየርኩት፤ ያው ነው።

በአራተኛው ቀን የመጠጫ ጠርሙሷን ጫፍ በጣቴ ነካሁት። ጫፉ ላይ ያለችው፣ ስትገፋ ውሃ የምታወጣው ትንሿ ኳስ ተጣብቃለች። ውሃው በግድ ጠብ ይላል። ጠርሙሱ ሙሉ ስለሚመስል ልብ አላልኩትም ነበር። ወዲያው በማይገለበጥ ከባድ የሸክላ ሳህን ውሃ አቀረብኩላት። ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ሳታቋርጥ ጠጣች። አንጀቴን በላችው።

ድርቆሹንም አስተካከልኩ። በፊት በእፍኝ ነበር የምሰጣት። አሁን ከሰውነቷ የሚበልጥ ክምር ቀን ከሌት ፊቷ አለ። የአንጀቷ እንቅስቃሴ በቃጫው ነው የሚሠራው፤ ዕድሜ ልኩን የሚያድገው ጥርሷም በማኘክ ነው የሚሞረደው። ፔሌቱን ቀነስኩት፣ ካሮቱን ተውኩት።

ይህን ባደረግኩ በሁለተኛው ቀን በጠጡ ወደ ድሮው መጠን ተመለሰ። ጠርሙስ የምትጠቀሙ ከሆነ ኳሷን ጠዋት ጠዋት በጣት ግፏት።