የአሜሪካ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ፦ የትኛው ፓርቲ ወንበር እንደሚጨምር አስቀድሞ እንዴት ይገመታል?

በአሜሪካ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ (በፕሬዚዳንቱ የአራት ዓመት የሥልጣን ዘመን አጋማሽ ላይ የሁለቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤቶች አባላት የሚመረጡበት) ማን ያሸንፋል የሚል ጥያቄ ሲነሳ አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚያገላብጠው የሰሞኑን የሕዝብ አስተያየት ጥናት ነው። እኔ ግን ጥናቱን ኋላ እንዲደርሱበት እመክራለሁ። ጎርፍ የቱንም ያህል ቢበረታ አስቀድሞ የሚወስደው ከወንዝ ዳር ያለውን ማሳ እንደሆነ ሁሉ፣ የሕዝብ ቁጣም አስቀድሞ የሚደርሰው በጠባብ ልዩነት የተያዙ ወንበሮችን ነው። ስለዚህ ቀድሞ መቆጠር ያለበት ከወንዙ ዳር ያሉት ወንበሮች ስንት እንደሆኑና በማን እጅ እንዳሉ ነው። (እዚህ ላይ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራው ሲጀመር ሁለቱን ምክር ቤቶች መለየት ያስፈልጋል። የተወካዮች ምክር ቤት 435ቱም ወንበሮች በየሁለት ዓመቱ ለውድድር ይቀርባሉ፤ አብላጫ ለመያዝ 218 ያስፈልጋል። ሴኔት ግን 100 አባላት ያሉትና እያንዳንዱ አባል ለ6 ዓመት የሚመረጥበት በመሆኑ፣ በአንድ ምርጫ የሚፈተነው ሲሶው ገደማ ብቻ ነው። በ2018 ዴሞክራቶች በተወካዮች ምክር ቤት 40 ያህል ወንበሮችን ሲነጥቁ፣ በዚያው ቀን በሴኔት ሁለት ወንበር አጥተዋል። በሴኔቱ ተራው የደረሰው በአብዛኛው የእነርሱ ወንበር ስለነበረ፣ ዶናልድ ትራምፕ በሰፊው ባሸነፉባቸው እንደ ሰሜን ዳኮታ፣ ኢንዲያናና ሚዙሪ ባሉ ክፍለ ግዛቶች የነበሯቸውን ተመራጮች ማዳን አልቻሉም። ስለዚህ «ዴሞክራቶች ያሸንፋሉ» ወይም «ሪፐብሊካኖች ያሸንፋሉ» የሚል አንድ ድፍን ትንበያ ከጅምሩ የተሳሳተ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ትንበያዎች መሠራት አለባቸው።

የተወካዮች ምክር ቤትን በሚመለከት መነሻው የታወቀ ነው፦ የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ ወንበር ያጣል። ከ1934 ወዲህ በተካሄዱት የአጋማሽ ዘመን ምርጫዎች የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ በዚህ ምክር ቤት ወንበር የጨመረው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፦ ራሱ በ1934፣ ከዚያም በ1998 እና በ2002። በ1998 የቢል ክሊንተን፣ በ2002 ደግሞ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001ዱ የሽብር ጥቃት በኋላ የጆርጅ ቡሽ የሥራ ተቀባይነት ከ60 በመቶ በላይ ነበር። የልማዱ ምክንያት ሩቅ አይደለም። ፕሬዚዳንቱን ያስመረጡት ደጋፊዎች ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው በማይወዳደሩበት ዓመት ከቤት የመውጣት ጉጉታቸው ሲቀንስ፣ የተከፉት ግን ድምፅ የሚሰጡበትን ቀን ሲጠብቁ ይቆያሉ። ፕሬዚዳንቱ ከ50 በመቶ በታች ተቀባይነት እያላቸው ከዚህ ልማድ የተለየ ውጤት የሚተነብይ ሰው ጠንካራ ማስረጃ ማቅረብ ይኖርበታል።

ሆኖም ልማዱ አቅጣጫውን እንጂ መጠኑን አይነግርም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በ2018 የትራምፕ፣ በ2022 የጆ ባይደን ተቀባይነት ሁለቱም 40 በመቶ አካባቢ ነበር። የትራምፕ ፓርቲ (ሪፐብሊካን) 40 ያህል ወንበር ሲያጣ የባይደን (ዴሞክራት) ያጣው 9 ብቻ ነው። ሪፐብሊካኖች ከ2016ቱ ምርጫ 241 ወንበር ይዘው ስለወጡ ብዙዎቹ ለመነጠቅ በሚመች ቦታ ላይ ነበሩ፤ ዴሞክራቶች ግን ከ2020 የተረፏቸው 222 ስለነበሩ ተጋላጭ ከሆኑት አብዛኞቹን አስቀድመው አጥተዋል። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፅንስ የማቋረጥን ሕገ መንግሥታዊ መብት በመሻር ያስተላለፈው ውሳኔም የፕሬዚዳንቱን ፓርቲ ደጋፊዎች እንደቀሰቀሰ አይካድም፤ የወንበሩ ቆጠራ ግን ከዚያ በፊትም ኪሳራው ውስን እንደሚሆን ይጠቁም ነበር።

እንግዲህ በኤክሴል ሠንጠረዥ ያዘጋጁ። ለእያንዳንዱ የምርጫ ክልል ወንበሩን የያዘው ፓርቲ፣ ባለፈው ያሸነፈበት የነጥብ ልዩነት (በመቶኛ)፣ በክልሉ ውስጥ በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ የታየው ውጤት እንዲሁም ተመራጩ እንደገና መወዳደር አለመወዳደሩ ይመዝገብ። ከዚያ ልዩነቱ ከ15 ነጥብ በላይ የሆነውን ሁሉ ይሰርዙ። ከ435ቱ አብዛኛው በዚህ ይወገድና የሚቀረው በአንድ ምሽት ሊጠና የሚችል ዝርዝር ይሆናል። በ2024 ሪፐብሊካኖች 220፣ ዴሞክራቶች 215 ወንበር ሲያገኙ፣ ትራምፕ ባሸነፉባቸው ክልሎች 13 ዴሞክራቶች፣ የዴሞክራቶቹ የፕሬዚዳንትነት ዕጩ ካማላ ሃሪስ ባሸነፉባቸው ደግሞ 3 ሪፐብሊካኖች ብቻ ተመርጠዋል። ከሦስቱ አንዱ የነብራስካ ሁለተኛ ክልል ተመራጭ ዶን ቤከን ሲሆኑ፣ እርሳቸውም በ2026 እንደማይወዳደሩ አስታውቀዋል። ፓርቲያቸው በማይመረጥበት ክልል በራሳቸው ስም የሚያሸንፉ ሰው ሲለቁ የግል ድምፃቸውም አብሮ ስለሚሄድ፣ እንዲህ ያለው ረድፍ በሠንጠረዡ ላይ በቀይ ቢሰመርበት ይገባዋል።

ለ2026 ግን የአሮጌውን ክልል ቁጥር እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። የክልሎች ድንበር በወትሮው የሚካለለው በየአሥር ዓመቱ ከሕዝብ ቆጠራ በኋላ ቢሆንም፣ በ2025 ቴክሳስ ለሪፐብሊካኖች አምስት ያህል ወንበር ለመጨመር የታሰበ ካርታ አወጣች፤ ካሊፎርኒያም በኖቬምበር 2025 በሕዝበ ውሳኔ ለዴሞክራቶች ተመሳሳይ ጥቅም የሚያስገኝ ካርታ አጸደቀች፤ ሚዙሪና ሰሜን ካሮላይናም ካርታቸውን ቀየሩ። በእነዚህ ቦታዎች የክልሉ ቁጥር ያው ቢሆንም በውስጡ ያለው መራጭ ሌላ ስለሆነ፣ የ2024ቱ ፕሬዚዳንታዊ ድምፅ በአዲሱ ድንበር ውስጥ ተደምሮ መወሰድ አለበት። ካርታ ምን ያህል እንደሚወስን ለመረዳት 2012ን ማስታወስ ይበቃል፦ በአገር አቀፍ ደረጃ ለተወካዮች ምክር ቤት ብዙ ድምፅ ያገኙት ዴሞክራቶች ሲሆኑ፣ 234 ወንበር ይዘው ምክር ቤቱን የመሩት ግን ሪፐብሊካኖች ነበሩ።

የሕዝብ አስተያየት ጥናት የሚገባው አሁን ነው። የሚፈለገው መራጩ በክልሉ የየትኛውን ፓርቲ ዕጩ እንደሚመርጥ በጥቅሉ የሚጠይቀው ጥናት ሲሆን፣ የአንድ ድርጅት ውጤት ሳይሆን የብዙዎች አማካይ ይወሰድ። ጥናቱ የተመዘገቡ መራጮችን ሁሉ ይጠይቅ ወይም ድምፅ ይሰጣሉ ተብለው የሚጠበቁትን ብቻ ይለይ እንደሆነ ያጣሩ፤ ሁለቱን መቀላቀል ጤፍና አሸዋ እንደመቀላቀል ነው። በ2024 በመላ አገሪቱ በተሰጠው የተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ ሪፐብሊካኖች በ2.6 ነጥብ ገደማ ይበልጡ ነበር። እንበልና አሁን አማካዩ ዴሞክራቶችን በ3 ነጥብ ቢያስቀድም፣ ሚዛኑ በ5.6 ነጥብ ዞሯል ማለት ነው። ሪፐብሊካኑ በ4 ነጥብ ያሸነፈበት ክልል በዚህ ስሌት በ1.6 ነጥብ ወደ ዴሞክራቶች ያጋድላል፤ በ9 ነጥብ ያሸነፈበት ግን ገና 3.4 ነጥብ ይተርፈዋል።

ይህ ማለት ግን የመጀመሪያው ወንበር ተነጥቋል፣ ሁለተኛው ተርፏል ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ክልል ከአገር አቀፉ አዝማሚያ ብዙ ነጥብ ሊርቅ ስለሚችል፣ ለመጀመሪያው 60 በመቶ፣ ለሁለተኛው ምናልባት 25 በመቶ የመነጠቅ ዕድል ሰጥቶ ዕድሎቹን መደመር ይሻላል። እንደ መጀመሪያው ያሉ አሥር ክልሎች ቢኖሩ የሚጠበቀው ስድስት ወንበር ነው እንጂ አሥር አይደለም። ነገር ግን አሥሩ ለየብቻ የሚጣሉ ሳንቲሞች አይደሉም። ጥናቶቹ ሁለት ሦስት ነጥብ ከሳቱ በሁሉም ክልሎች ላይ በአንድ አቅጣጫ ሊስቱ ስለሚችሉ፣ ተቀራራቢ የነበሩት ውድድሮች አብረው ወደ አንዱ ይወድቃሉ። ስለዚህ አገር አቀፉን ቁጥር ሦስት ነጥብ ወደ ላይ፣ ከዚያም ሦስት ነጥብ ወደ ታች አድርገው ሠንጠረዡን እንደገና ያስሉት፤ መገለጽ ያለበትም በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው።

በመካከሉ የሚካሄዱ የማሟያ ምርጫዎች (ዘመኑ ሳያልቅ ባዶ የሆነን ወንበር ለመሙላት የሚደረጉት) ጠቃሚ ፍንጭ ይሰጣሉ። በኦገስት 2022 በኒው ዮርክ 19ኛ ክልል ዴሞክራቱ ፓት ራያን ማሸነፋቸው፣ የተጠበቀው የሪፐብሊካኖች ማዕበል እንደማይመጣ ካመለከቱት ምልክቶች አንዱ ነበር። ቢሆንም አንድን የማሟያ ምርጫ ብቻውን አይመኑ፤ የብዙዎቹን ውጤት በየክልሉ ከታየው ፕሬዚዳንታዊ ድምፅ ጋር አነጻጽረው አማካዩን ይያዙ።

በሴኔት የወንበሮቹ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ እያንዳንዱን ለየብቻ መመርመር ይቻላል። በ2026 ከማሟያዎቹ ጋር 35 ወንበሮች የሚወዳደሩባቸው ሲሆን፣ 22ቱ በሪፐብሊካኖች፣ 13ቱ በዴሞክራቶች የተያዙ ናቸው። ድምፅ እኩል ሲሆን ሪፐብሊካኑ ምክትል ፕሬዚዳንት ስለሚወስኑ ዴሞክራቶች አብላጫ ለመያዝ የተጣራ አራት ወንበር መጨመር አለባቸው። ሜይንና ሰሜን ካሮላይና በቅርብ ቢሆኑም ሌሎቹ የሚገኙት ትራምፕ በሰፊው ባሸነፉባቸው ቦታዎች ነው፤ በዚያ ላይ ጆርጂያንና ሚሺጋንን መጠበቅ አለ። እዚህ የዕጩው ማንነት ከተወካዮች ምክር ቤት ይልቅ ይመዝናል። በ2022 በጆርጂያ ሪፐብሊካኑ አገረ ገዢ ብራያን ኬምፕ በሰፊው ሲያሸንፉ፣ ከእርሳቸው ጋር በአንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የነበሩት የሴኔት ዕጩ ኸርሸል ዎከር ግን በኋላ በመለያው ዙር ተሸንፈዋል።

ትንበያው ከምርጫው ዋዜማ ቀን ተጽፎበት ይቆለፍ። ውጤቱንም በዚያው ሌሊት አይመዝኑት፤ በተለይ በካሊፎርኒያ በፖስታ የተላከው ድምፅ ተቆጥሮ እስኪያልቅ ሳምንታት ይወስዳል። በ2018 በዚያ ክፍለ ግዛት 21ኛ ክልል ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ቫላዳኦ አሸንፈዋል ተብሎ ከተነገረ በኋላ፣ ቆጠራው ሲጠናቀቅ ዴሞክራቱ ቲ ጄ ኮክስ በ862 ድምፅ በልጠው ተገኝተዋል። የመጨረሻው ቁጥር ሲጸድቅ 60 በመቶ የሰጧቸውን ክልሎች በአንድ ላይ ሰብስበው ይቁጠሩ፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ተነጥቀው ከተገኙ፣ ወይ ግምትዎ ከሚገባው በላይ ጠንቃቃ ነበር፣ ወይ ጥናቶቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ስተዋል፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው የአገር አቀፉን ድምፅ ከመጨረሻው አማካይ ጋር በማስተያየት ነው።