ባትሪ የሚበላውን በቴስተር መፈለግ
ቪትዝ መኪናዬ ሁለት ቀን ከቆመች አትነሳም ነበር። አዲስ ባትሪ ከመግዛቴ በፊት በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ፈተሽኳት።

ቁልፉን አውጡ፣ መብራት አጥፉ፣ በሮቹን ዝጉ። የቴስተሩን ቀይ ገመድ 10 አምፔር የሚለው ቀዳዳ ላይ ሰኩ፤ መምረጫውንም ወደ ዲሲ አምፔር አዙሩ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፍቱና ቴስተሩን በገመዱና በባትሪው መሀል አስገቡ። አደራ፣ እንዲህ እንዳለ ሁለቱን ጫፎች ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ላይ በፍጹም አታስነኩ! ሾርት ያደርጋል፣ እጅ ያቃጥላል። ሞተርም አታስነሱ።

ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከ0.05 አምፔር በታች ከሆነ ደህና ነው። የእኔ 0.4 አሳየ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። የቴፑ ሲነቀል 0.02 ላይ ወረደ። ለካ ቴፑን የገጠመው ሰው በቁልፍ የሚጠፋውን መስመር ትቶ በቀጥታ ከባትሪ ስቦታል።

ስትጨርሱ ቀዩን ገመድ ወደ ቮልት ቀዳዳ መልሱ።