የደሴን ብርድ ይዞ እስከ ጥር ሰርግ፦ ለአበባ ሻጮች

ደሴ ላይ አበባ የምትሸጡ ሰዎች፣ ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ብርድ በሁለት ዓይን እዩት። ፖት ውስጥ ላለው ተክል ጠላት ነው። ተቆርጦ ባልዲ ውስጥ ለቆመው ጽጌረዳ ግን በነፃ የተገኘ ፍሪጅ ነው። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥባችኋል፦ ፖቱ ይመቸዋል፣ ጽጌረዳው ቶሎ ይጠወልጋል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። አየሩ በየ100 ሜትሩ በግርድፉ 0.6 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ስትደርሱ አራት ዲግሪ ያህል ጥላችሁ መጥታችኋል። ቀን ላይ ብዙም አይታወቅም። ሊነጋጋ ሲል ነው ጉዱ።

ከፖቱ እንጀምር። ሮዝመሪና ጽጌረዳ ብርድ ስለሚችሉ ውጭ ይደሩ። መኒ ፕላንት፣ ድራሴና፣ ፊከስና ፒስ ሊሊ ግን የቆላ ነገር ናቸው። ከ10 ዲግሪ በታች ካደሩ፣ ውርጭ ባይነካቸው እንኳ ቅጠላቸው ይጠቁራል ወይ ይረግፋል። እነዚህን ማታ ማታ ማስገባት ነው። ቦታ ከጠበበ ከግንብ ሥር፣ ከጣሪያ ክፈፍ በታች አስጠጓቸው፤ ግንቡ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ባዶ ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡ፣ ጣውላ ጣል አድርጉበት። ከላይ ጆንያ ወይም አሮጌ አንሶላ አልብሱ። ያላችሁ ላስቲክ ብቻ ከሆነ እንጨት አቁማችሁ ከቅጠሉ አርቁት፣ የነካው ቦታ በውርጭ ይመታል። ጠዋት መግለጥም አይረሳ፣ አለዚያ ፀሐይ ስትወጣ ተክሉ እዚያው ይቀቀላል።

ውሃ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ አጠጡ። ማታ አይሆንም፣ ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ያድራል። መጠኑንም ቀንሱ፤ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ከትታችሁ ሲደርቅ ብቻ ስጡት። ጨርሶ ማድረቅም አይጠቅምም፣ ትንሽ እርጥበት ያለው አፈር ከደረቁ ይልቅ ሙቀት ይይዛል።

ውርጭ የመታው ቅጠል ጠዋት ስታዩት ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ውሃ የነካው ይመስላል፣ ስትዳስሱት ይልሞሰሞሳል። ከሰዓት በኋላ ቡናማ ይሆናል። ብዙ ሰው ያኔ መቀስ ያነሳል። ተዉት! የሞተው ቅጠል ከሥሩ ላለው እምቡጥ ልብስ ሆኖ ይቆያል፣ ብርዱ ካለፈ በኋላ ትገርዙታላችሁ።

አንድ ነገር በጥብቅ፦ ሱቁን ዘግታችሁ ከሰል አቀጣጥላችሁ አትሂዱ። ጭሱ ውስጥ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ አለ፣ እምቡጥ የሚያረግፍ። ከዚያ የባሰው ደግሞ እዚያ የሚያድር ዘበኛ ካለ የከሰል ጋዝ ሰው ይገድላል። ኤቲሊን ከበሰለ ፍራፍሬም ይወጣል፤ ጎረቤታችሁ ሙዝ ሻጭ ከሆነ አበባውን በዚያ በኩል አትደርድሩ።

ለገና ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ያ ቀዩ ፖይንሴቲያ ነው። ቀዩ ራሱ ቅጠል ነው፣ አበባዋ መሃል ላይ ያለችው ትንሿ ቢጫ ናት። ቅጠሉ የሚቀላው ሌሊት ሲረዝም ነው። በእኛ አካባቢ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ሌሊቱ ከ12 ሰዓት ስለሚበልጥ፣ ግቢ ውስጥ ያለው ማንም ሳይነካው ይቀላል። ሱቅ በር ላይ ያለው ግን የመንገድ መብራት ወይም የእናንተው አምፖል እያበራበት አረንጓዴ እንደሆነ ገና ያልፋል። መፍትሔው ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይፈልጋል፦ ከመስከረም መጨረሻ ጀምራችሁ ለሁለት ወር ያህል፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋት 2 ሰዓት ካርቶን ወይም ጥቁር ጨርቅ ድፉበት። ታኅሣሥ ላይ መሯሯጥ አይጠቅምም፣ አልፏል። ከቀላ በኋላ ከበር ንፋስ አርቁት። ነጭ ፈሳሹም ቆዳ ያሳክካልና ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ።

ወደ ጽጌረዳ ስንመጣ፣ ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው የሚደርሳችሁ፣ ስለዚህ ተጠምቶ ነው የሚመጣው። ባልዲውን አስቀድማችሁ በበረኪና እጠቡ። ግንዱን ከታች ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል በስለት ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ብትቆርጡ ደግሞ አየር ገብቶ አይዘጋውም። ውሃው ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ ሸልቅቁ፣ ይበሰብሳል። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ጥቂት የሎሚ ጭማቂና ሁለት ሦስት ጠብታ በረኪና ይበቃል። አንገቱን የደፋ ካለ በጋዜጣ ቀጥ አድርጋችሁ ጠቅልሉትና ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እስከ አንገቱ አቁሙት፣ ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቁት፣ ብዙውን ጊዜ ይነሳል።

ደሴ ላይ ባልዲውን ፀሐይ በማይገባበትና ንፋስ በሌለበት ክፍል አሳድሩ። ውጭ ግን አይሁን፣ ውርጭ የተቆረጠ ጽጌረዳንም አይምርም። ኮምቦልቻ ያላችሁ ባልዲውን እርጥብ ጆንያ አልብሱት፣ ውሃውን ጠዋትና ማታ ቀይሩ፣ ከቻላችሁ ደግሞ ደሴ አሳድራችሁ በሰርጉ ዋዜማ አስመጡ። ፖቱን በተቃራኒው ኮምቦልቻ ብታሳድጉት ያዋጣል። ብቻ ስታወጡት በፒክአፕ ላይ ሜዳውን አትጫኑት፣ የመንገዱ ንፋስ ቅጠል ያደርቃል። በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ጫኑ፣ ደሴ ሲደርስም የመጀመሪያውን ሳምንት ቤት ውስጥ ይደር።

አሁን ካላንደሩን አውጡ። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28። እውነቱን ለመናገር ገና ላይ የሚሸጠው ጥቂት ነው፦ ጥድ፣ ፖይንሴቲያ፣ ለስጦታ አንዳንድ እቅፍ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሆነ የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም። ጾሙ ሲፈታ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል። ከገና እስከ ሁዳዴ ያለው፣ በተለይ ከጥምቀት በኋላ ያለው ጊዜ፣ የሙሽራ መኪናው፣ አዳራሹ፣ እቅፉ፣ የዓመቱ እንጀራችሁ እዚያ ነው። ደሴ ውስጥ የሙስሊም ሰርግም ብዙ ስለሆነ የረመዳንን መግቢያ እዩ፤ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ የአምናው ዕቅድ ለዘንድሮ አይሆንም።

ሌላው፣ የፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን የካቲት 7 አካባቢ ይውላል። ከጥር አጋማሽ በኋላ እርሻዎቹ ምርጥ ምርጡን ቀይ ጽጌረዳ ወደ ውጭ ይልኩታል። ለእኛ የሚተርፈው አጭርና ውድ ነው። ስለዚህ ለጥር መጨረሻ ሰርግ ትዕዛዝ ስትቀበሉ ነጭና ሮዝ ቀለም ያለውን አስለምዱ፣ ሙሽራዋ ቀይ ካለች ደግሞ ቀብዱን በዚያው ዕለት ተቀበሉና ለአዲስ አበባው አቅራቢ ወዲያው ደውሉ።