ጨረቃን ስታነሱ ነጭ ክብ ብቻ እንዳይወጣባችሁ

ጨረቃን በረጅም ሌንስ አንስታችሁ ዝርዝር የሌለው ነጭ ክብ ብቻ ከወጣላችሁ፣ ጥፋቱ የሌንሱ አይደለም። ካሜራው በዙሪያዋ ያለውን ጨለማ አይቶ ብርሃን ያበዛል። ጨረቃ ግን ፀሐይ በቀጥታ የምታበራት ድንጋይና አቧራ ናት፤ ስለዚህ እንደ ቀን ፎቶ አንሷት። ካሜራውን ወደ ማንዋል (ሁሉንም ራሳችሁ ወደምታስተካክሉበት) ቀይራችሁ ለሙሉ ጨረቃ ከአይ ኤስ ኦ (ለብርሃን ያለው ትብነት) 100፣ ከኤፍ 11 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) እና ከ1/125 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት ጀምሩ። ግማሽ ስትሆን ፍጥነቱን ወደ 1/30 አውርዱት።

ፎከሱን ለካሜራው አትተዉለት። ምስሉን በስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ የጉድጓዶቹ ጠርዝ ጥርት እስኪል የሌንሱን ቀለበት በጣም በቀስታ አዙሩ። ካሜራው በትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) ላይ ይሁን፤ የጣት ንክኪ እንኳ ያነቃንቀዋልና በ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ አንሱ።

ብዙ ሰው ሙሉ ጨረቃን ይጠብቃል። እኔ ግን ግማሿን እመርጣለሁ፤ ሙሉዋን ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታት ጠፍጣፋ ትመስላለች። በግማሿ ላይ ብርሃንና ጨለማ የሚገናኙበትን መስመር ተመልከቱ፦ ጥላው እዚያ ረጅም ስለሆነ እያንዳንዱ ጉድጓድና ተራራ በእጅ የሚዳሰስ ይመስላል።