መብራት ሲጠፋ ባዶ የቀረ ፋይል

ጅማ ውስጥ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) የምትጠቀሙ፣ ይቺን ያዙልኝ። ሂርማታ አካባቢ ጓደኛዬ ቤት ፕሮግራም እየጫንን መብራት ድርግም አለ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ስንጭን ላይብረሪዎችን (ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸውን ፋይሎች) የሚመዘግበው ኤልዲኮንፊግ (ldconfig) የአንዱን ስም ይጠራና «ፋይሉ ባዶ ነው፣ አልተፈተሸም» ይላል።

ጭነቱ ስለሚያልቅ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። እባካችሁ አትለፉት። ፋይሉ በስም አለ፣ መጠኑ ግን 0 ባይት ነው። እሱን የሚፈልግ ፕሮግራም ሁሉ አልነሳም ይላል። ፋይሉን ማጥፋት ማስጠንቀቂያውን ዝም ያሰኛል እንጂ ላይብረሪውን አይመልስም። ከሌላ ኮምፒውተር በፍላሽ ገልብጦ ማምጣትም አልመክርም፤ ቨርዥኑ ካልገጠመ ሌላ ጣጣ ነው።

መጀመሪያ ተርሚናል ላይ የተቋረጠውን ጭነት በዲፒኬጂ፣ ማለትም በኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ፣ «ዲፒኬጂ ኮንፊገር» (sudo dpkg --configure -a) ብላችሁ አስጨርሱ። ከዚያ ዲፒኬጂን በትልቁ ኤስ (dpkg -S እና የፋይሉ አድራሻ) ጠይቁት፤ ፋይሉ የየትኛው ፓኬጅ (አብሮ የሚጫን የፋይሎች ጥቅል) እንደሆነ ይነግራችኋል። በሙሉ አድራሻው አላገኘሁም ካለ የፋይሉን ስም ብቻ ስጡት፤ እኛን ያገላገለን ይኼ ነው። ፓኬጁን በአፕት (sudo apt install --reinstall እና የፓኬጁ ስም) ሪኢንስቶል አድርጉት፣ ማለትም እንደገና ጫኑት። በመጨረሻ ኤልዲኮንፊግን በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ፈቃድ (sudo ldconfig)፣ አስኪዱት። ምንም ሳይል ከተመለሰ ድኗል።